በሩ ክፍት ከሆነ ጋሪው ቆሟል

ጥቅምት 12

ይድረስ ለአጎቴ፣

ክሴን ላስቀድም ብዬ ብዕሬን ሳነሳ እማዬ ከኋላዬ ቆማ «መጀመሪያ ጤናውን ጠይቂ፣ ሥርዓት የሌላት!» አለችኝ። እንግዲህ ጤናህ እንዴት ነው? ብርዱ እንዴት ይዞሃል? ሥራስ? እኛ ደህና ነን። እማዬ ስፌቷ ላይ ናት፤ ዓይኗ ደከም ብሏል፣ መነጽር ግዢ ስላት «ክሩ ነው የቀጠነው» ትላለች። ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርህ፣ ደጁን ያቅናልህ። ይኸው ሥርዓቱን ፈጸምኩ።

አሁን ወደ ክሴ። እሁድ እሁድ መደወል ትተሃል። ስልኬ ተበላሸ ብለህ ነበር። ይሁን፤ ግን አንድ ስልክ እስኪጠገን ስንት እሁድ ያልፋል? እማዬ እሁድ ከሰዓት ሥራዋን አቁማ ስልኩ አጠገብ ትቀመጣለች። ምንም አትልም። እሷ ዝም ስትል ደግሞ ቤቱ ይጠበኛል፤ ተነስቼ እንጎራደዳለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ፣ ደግሞ እነሳለሁ። ያሳደገችህ እህትህ ናት እኮ፤ ጎረቤት አይደለችም።

በመጨረሻ ደብዳቤህ «የምታጠኚው ምንድነው? ሰው ሲጠይቀኝ ኮምፒውተር ብቻ እያልኩ አፈርኩ» ብለህ ነበር። ስማ እንግዲህ። ማንኛውም ማሽን፣ ሊፍትም ይሁን የመንገድ መብራት፣ ሁልጊዜ ከተወሰኑ ሁኔታዎች በአንዱ ላይ ነው ያለው። ወይ ቆሟል፣ ወይ እየሄደ ነው፣ ወይ እየጠበቀ ነው። እኔ እያንዳንዱን ሁኔታ በክብ እስላለሁ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረውን በቀስት። ስዕሉ አውቶማታ ይባላል። ከዚያ ስለ ማሽኑ አንድ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ፤ ጊዜን የሚያውቅ ዓረፍተ ነገር። «ምንጊዜም በሩ ክፍት ከሆነ ሊፍቱ ቆሟል» እንደ ማለት። ወይም «የጠራው ሰው ወደፊት አንድ ጊዜ ሊፍቱ ይመጣለታል»። የጊዜ ሎጂክ የሚሉት ይህ ነው። ኮምፒውተሩ ቀስቶቹን በየትኛውም ቅደም ተከተል እየተከተለ ዓረፍተ ነገሬ የሚፈርስበት መንገድ ይፈልጋል። ካገኘ መንገዱን ያሳየኛል። ካላገኘ ዓረፍተ ነገሩ እውነት ነው።

ችግሬ አማካሪዬ ናት። «በሊፍት ምሳሌ የተጻፈ አንድ ጥናት ብቻ ከጨመራችሁብኝ ከዛሬ ጀምሮ በደረጃ ነው የምወጣው» ብላኛለች። አንተ የምትሠራበት መጋዘን ውስጥ ራሳቸውን የሚነዱ ጋሪዎች አሉ አላልከኝም? እንዴት እንደሚሠሩ ጻፍልኝ። ምንም አትዝለል።

እማዬ «ችኩሌ ሲሮጥ እንዳይወድቅ ንገሪው» ትላለች። ይህ ስምህ ባሕር ማዶም ተከትሎሃል።

ለምንዬ

ኅዳር 27

ለምንዬ፣ የእህቴ ልጅ፣ የጥያቄ ጎተራ፣

ከሕፃንነትሽ ጀምሮ «ለምን?» እያልሽ ያደረቅሽኝ ሳያንስ አሁን ደግሞ ከሳሽ ሆነሽ መጣሽ? ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። የእትዬን ዓይን ይጠብቅልኝ፤ ክሩ አልቀጠነም በያት፣ ገንዘቡን እኔ እንደላክኩ ሳትነግሪያት መነጽሩን ግዢላት። ስልኩ ገና ነው።

ጋሪዎቹን ጠየቅሽ። ጠፍጣፋ ናቸው፣ ከፍታቸው ከጉልበት በታች። መደርደሪያ ሥር ይገቡና እንዳለ ተሸክመውት ይሄዳሉ። ፊታቸው ላይ ነጭ መብራት፣ ጀርባቸው ላይ ቀይ መብራት አለ። የሚዞሩበት ቦታ በሽቦ አጥር የታጠረ ነው፤ ሜዳው እንለዋለን። ሰው ሜዳው ውስጥ አይገባም። ዕቃ ሲወድቅ ብቻ የሜዳ ሠራተኛ የሚባል አለ፣ እሱ ይገባል። መጀመሪያ በሩ ላይ ያለውን ቁልፍ ይጫናል። በዚያ ረድፍ ያሉ ጋሪዎች ይቆማሉ። የበሩ መብራት ከቀይ ወደ አረንጓዴ ይዞራል። በሩ ይለቃል። ገብቶ የወደቀውን ያነሳል፣ ይወጣል፣ ይዘጋል። የቀሩት ረድፎች ሥራቸውን አያቆሙም፤ እዚህ አገር ነገር ሲቆም ሰው የሞተ ያህል ይደነግጣሉ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የሥራ ጓደኛዬን ሜዳው ውስጥ ጋሪ መታው። አጎንብሶ ካርቶን ሲያነሳ ነው፤ ጋሪው እግሩን ከመደርደሪያው ብረት ጋር አጣብቆ ያዘው። የሚገርምሽ መጀመሪያ አላመመውም። ካልሲው ሞቀ። ሞቅ ያለ ውሃ የረገጠ ነው የመሰለው። ሕመሙ ቆይቶ መጣ።

ድርጅቱ «መብራቱ አረንጓዴ ሳይሆን በሩን ገፍቶ ገባ» ይላል። እሱ አንድ ቀን «አረንጓዴውን አይቻለሁ» ይላል፣ በማግሥቱ «እንጃ» ይላል። ሰው ከራሱ ጋር ሲካሰስ አይቼ አላውቅም ነበር። ለመሆኑ ማሽን አረንጓዴ አብርቶ ሰው ካስገባ በኋላ ሊሄድ ይችላል? ለጓደኛዬ የምነግረው ነው።

ለእትዬ ስለ አደጋው አታውሪ። የሰው ቁስል ሰምታ እኔን ማሰብ ትጀምራለች።

አጎትሽ

ታኅሣሥ 16

አጎቴ፣

ፈጣሪ ይማርህ ብዬ ልጀምር፤ ለምን እንደሆነ ታውቃለህ።

ደብዳቤህ ከመጣ ጀምሮ መቀመጥ አልቻልኩም። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የጀማሪዎች ክፍል ገብቼ ሳስተምር ጠመኔውን ይዤ ሰሌዳው ፊት ቆሜ ምን ልጽፍ እንደነበር ጠፋኝ። ተማሪዎቼ ጥያቄ የሰጠኋቸው መስሏቸው ደብተራቸውን አወጡ።

«ማሽን አረንጓዴ አብርቶ ይሄዳል ወይ?» ላልከው፦ መሄድ የለበትም። «የለበትም» እና «አይችልም» ግን ሁለት ነገር ናቸው፤ የእኔ ትምህርት በሁለቱ መካከል ያለው ነው። መመሪያ መጽሐፍ ካላችሁ ላክልኝ።

አሁን የእኔ ጥያቄ። «ካልሲው ሞቀ» ብለሃል። ደጋግሜ አነበብኩት። ሰው ስለ ጓደኛው ሲያወራ «ደሙ ፈሰሰ» ይላል፤ ከውጭ የሚታየው እሱ ነውና። ካልሲ መሞቁን የሚያውቅ ባለቤቱ ብቻ ነው። ደግሞ በየደብዳቤህ ወደ ክፍልህ የሚያወጣውን ደረጃ ሳትረግም አልፈህ አታውቅም ነበር፤ በዚህኛው አንድም እርግማን የለም።

የማን ካልሲ ነው አጎቴ?

እማዬ ደብዳቤውን አንብቢልኝ አለችኝ። ስለ ዓይኗና ስለ ክሩ ያለውን አነበብኩላት። ሳነብ ፊቴን ታይ ነበር።

ለምንዬ

ጥር 18

ለምንዬ፣

የእኔ ነው።

የግራ እግሬ ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ ብሎ ተቆርጧል። ደረጃ የሌለው ምድር ቤት ሰጥተውኛል፤ መርገም ያቆምኩት ለዚያ ነው። መስኮቱ የመኪና ማቆሚያ ያሳያል። ቀኑን ሙሉ መኪና ሲገባና ሲወጣ አያለሁ። ተነስቼ እንዳልሄድ እግሬ፣ ተቀምጬ እንዳላርፍ ልቤ።

ጉዳዬ ቦርድ ፊት ሊቀርብ ነው። የሥራ ክርክር የሚሰማ ቦርድ አላቸው። የሠራተኛ ማኅበሩ ጠበቃ ሰጥቶኛል፤ ደግ ሰው ነው፣ ግን ሲያየኝ የተሸነፈ ሰው የሚያይ ይመስለኛል። ጥፋቱ የእኔ ነው ከተባለ ሥራውም መታከሚያውም አበቃ።

ይህ ሁሉ ግን አይደለም የሚበላኝ። እውነቱን ልንገርሽ። ድርጅቱ «ቸኩሎ ገባ» ሲል እኔ በልቤ «ይሆናላ» አልኩ። ስሜ ማነው? ከልጅነቴ ጀምሮ የተሰበረ ብርጭቆ ሁሉ የእኔ ነበር። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እየተባልኩ አደግኩ። እትዬ በፍቅር ነው ያለችው፤ አውቃለሁ። ግን ሰው አርባ ዓመት ችኩል ሲባል ኖሮ አንድ ቀን መብራት ጠብቄ ነበር ብሎ ቢምል ማን ያምነዋል? ራሱስ? ዓይኔን ስጨፍን አንዳንዴ አረንጓዴ ይታየኛል፣ አንዳንዴ ቀይ።

የመመሪያ መጽሐፉን፣ እንግሊዝኛውን፣ ልኬልሻለሁ። እትዬ እንዳታውቅ። በእኔ ሞት። አንድ ቀን ራሴ እነግራታለሁ።

አጎትሽ

የካቲት 10

አጎቴ፣

አልቅሼ ጨርሼ ነው የምጽፍልህ። እንባዬ ለአንተ ምንም እንደማያደርግ ስለማውቅ በማግሥቱ መጽሐፉን ይዤ አማካሪዬ ቢሮ ገባሁ። «የሊፍት ጉዳይ ከሆነ ተመለሽ» አለችኝ። «የአጎቴ እግር ጉዳይ ነው» አልኳት። መነጽሯን አውልቃ ወንበር ሳበችልኝ።

ጋሪውን፣ በሩን፣ መብራቱን፣ ቁልፉን በክብና በቀስት አደረግኩ። ዓረፍተ ነገሩን ጻፍኩ፦ ምንጊዜም በሩ ክፍት ከሆነ ጋሪው ቆሟል። ኮምፒውተሩን ለቀቅኩት።

መንገድ የለም አለኝ። ዓረፍተ ነገሩ እውነት ነው አለኝ።

ስዕሉን እንደ አዲስ ሠራሁት። ያንኑ መለሰልኝ። ልዋሽህ አልፈልግም፤ እስካሁን ባየሁት ማሽኑ ንጹሕ ነው።

አማካሪዬ ግን ስዕሉን ረጅም ጊዜ ስታይ ቆየችና «ስንት ጋሪ ነው ያለው?» አለችኝ።

«አንድ።»

«መጋዘኑ ውስጥ?»

«መጋዘኑ ውስጥ ብዙ።»

«ታዲያ አንቺ የሌለ መጋዘን ነው ያረጋገጥሽው» ብላ ስዕሉን መለሰችልኝ። ጋሪ ስጨምር መንገዶቹ እንደ አሸዋ ይበዛሉ፤ የትምህርት ክፍሉ ኮምፒውተር አይችለውም። ቢሆንም እሞክራለሁ። ሁለት ጋሪ ጠባብ መተላለፊያ ላይ ፊት ለፊት ሲገናኙ ምን ያደርጋሉ? ቶሎ መልስልኝ።

ለምንዬ

መጋቢት 6

አጎቴ፣

አልመለስክልኝም። ያለፈው ደብዳቤዬ እንደሰበረህ ይገባኛል። ማሽኑ ንጹሕ ነው ብሎ ለአንተ መጻፍ ምን ማለት እንደሆነ ፖስታ ቤት ከጣልኩት በኋላ ነው የገባኝ። ሳጥኑ ውስጥ እጄን ላስገባ ቃጥቶኝ ነበር። ይቅር በለኝ፤ አሁን ግን ይህን አንብብ።

መልስህን ስጠብቅ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር እንደገና አነበብኩት። መጨረሻው አካባቢ «መተላለፊያ ስለ መልቀቅ» የሚል አጭር ክፍል አለ። ሁለት ጋሪዎች ከተፋጠጡ ባዶው ለተጫነው መንገድ ይለቃል ይላል፤ ወደ ኋላ ይመለሳል። አንድ ክብ ጨመርኩ፦ «እየለቀቀ ነው»። ሁለተኛ ጋሪ ጨመርኩ። ከዚያ ለቀቅኩት።

ኮምፒውተሩ ሳይቆይ አንድ መንገድ አወጣልኝ። እንዲህ ነው። ሰው ቁልፉን ይጫናል። በረድፉ ያለው ባዶ ጋሪ ይቆማል። መብራቱ አረንጓዴ ይሆናል፣ በሩ ይለቃል፣ ሰውየው ይገባል። እስከዚህ ሁሉም ትክክል ነው። በዚህ መሐል ከሌላ ረድፍ የተጫነ ጋሪ ይመጣና የቆመውን ባዶ ጋሪ ይፋጠጠዋል፤ መንገድ ልቀቅ ይለዋል። የቆመው ጋሪ ከ«ቆሟል» ወደ «እየለቀቀ ነው» ይሻገራል። የቆመ ጋሪ ከመንቀሳቀሱ በፊት በሩ ዝግ መሆኑን ይጠይቃል፤ የሚለቅ ጋሪ ግን እንዲጠይቅ አልተጻፈበትም። ወደ ኋላ ይሄዳል። መብራቱ አረንጓዴ እንደሆነ ነው። በሩ ክፍት እንደሆነ ነው።

ጮህኩ። እማዬ መርፌ እንደያዘች ሮጣ መጣች። «ምን ሆንሽ?» «ጥናቴ ተሳካ» አልኳት። ሳመችኝ። ስትስመኝ እንዴት እንዳፈርኩ አትጠይቀኝ።

አሁን ቁም ነገሩ። የመታህ የትኛው ፊቱ ነው? አረንጓዴው ሳይበራ ገብተህ ቢሆን ወደ ፊት እየሄደ በነበረ ጋሪ ነበር የምትመታው፤ በነጭ መብራቱ በኩል። አስብ። ለእኔ ብለህ ግን አታስብ፤ ምን እንድትለኝ እንደምፈልግ ነግሬሃለሁና እርሳው። ያየኸውን ብቻ።

ለምንዬ

መጋቢት 29

የእህቴ ልጅ፣

ዝም ያልኩት ተቀይሜሽ ነው፤ ልሸሽገው አልችልም። «ማሽኑ ንጹሕ ነው» ስትይኝ ወረቀቱን አጣጥፌ ፍራሽ ሥር ከተትኩት። ድርጅቱ አንድ ሰነድ ልኮልኝ ነበር፤ ጥፋቱን ካመንኩ በስምምነት ያሰናብቱኛል። እስክሪብቶ አንስቼ ነበር። ያልፈረምኩት ምስክር የሚሆነኝ ጠበቃው አርፍዶ ስለመጣና ፊርማው ለሌላ ቀን ስለተቀጠረ ነው፤ በመሐሉ ይህ ደብዳቤሽ ደረሰኝ። በዚያን ቀን እሱ ሰዓት አክባሪ ቢሆን ኖሮ እኔ አልቆልኝ ነበር።

ቀይ ነው።

ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ሁሉም የሚጠይቁኝ ስለ በሩ መብራት ነው፤ ስለ እሱ ስጠየቅ ዓይኔ ይምታታል። ስለ ጋሪው መብራት ግን አይምታታብኝም። ወድቄ እግሬ ተይዞ ሳለ ፊቴ አጠገብ ቀይ መብራት ነበር፤ ቀዩ እጄ ላይ ያበራ ነበር፣ ደም መስሎኝ እጄን ጠረግኩት፣ አልጠረግ አለኝ። ነጩን አላየሁም። ነጩ ወዲያ ማዶ ነበር። በጀርባው ነው የመታኝ።

ይህን ጽፌ ብዕሬን አስቀምጬ ክፍሌ ውስጥ በክራንቼ ዞርኩ። የታችኛው ቤት የለም እንጂ ቢኖር ኮርኒሳቸውን በደበደብኩባቸው ነበር። ለጠበቃው ደወልኩ። «ከየት አመጣኸው?» አለኝ። «የእህቴ ልጅ ክብ ስትስል አገኘችው» አልኩት። ያበድኩ መሰለው።

ያገኘሽውን ሁሉ በሥርዓት ጽፈሽ ላኪልኝ። እኔ ወደ እነሱ ቋንቋ እመልሰዋለሁ።

አጎትሽ

ሚያዝያ 15

አጎቴ፣

ጥናቱን ከዚህ ጋር አድርጌልሃለሁ። አማካሪዬ እያንዳንዱን ቀስት አይታ ስሟን ከስሜ ሥር ጽፋለች። «ስሜን ስጽፍ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም» አለችኝ፤ እሷ እንዲህ ስትል ሰምቼ አላውቅም።

አንድ ነገር በደንብ ያዝልኝ። እኔ ያሳየሁት መንገዱ መኖሩን ነው። ያን ቀን ነገሩ በዚያ መንገድ መሄዱን ላሳይ አልችልም። ሎጂኬ ሊሆን የሚችለውን ሁሉ ያውቃል፤ የሆነውን ግን አያውቅም፤ የሆነውን የምታውቀው አንተ ነህ። ስለዚህ ስለ አረንጓዴው ከጠየቁህ፣ ካላስታወስክ አላስታውስም በል። ስለ ቀዩ ንገራቸው። ከዚያ አትጨምር። ጠበቃው ቢገፋህም አትጨምር።

ደግሞ እማዬ። ትናንት ስዕሉን ጠረጴዛ ላይ ትቼ ውሃ ልቀዳ ወጥቼ ስመለስ ቆማ ስታየው ደረስኩ።

«ይሄ ክብ ምንድነው?»

«ጋሪ የቆመበት።»

«ይሄስ?»

«ጋሪ የሚሄድበት።»

ጣቷን በቀስቱ ላይ አስኬደች። «እዚህ መሐል ያለው ሰው ማነው?» አለችኝ። ሰው አልሳልኩም አጎቴ። አንዲት ነጥብ ናት። «ማንም አይደለም» አልኳት። ወደ ስፌቷ ተመለሰች። የስፌት መኪናዋ ግን እስኪመሽ ድረስ አልተሰማኝም።

«አንድ ቀን እነግራታለሁ» ብለሃል። በእኔ ትምህርት «ወደፊት አንድ ጊዜ» የሚለው ቃል ቀን የለውም። ነገም ሆነ ከሃያ ዓመት በኋላ ቃሉ አይፈርስም፤ ተስፋ የሰጠው ሰው ሁልጊዜ «ገና ነው» ማለት ይችላል። ስለዚህ ይህን ቃል ለማሽን እንጂ ለእናቴ አልቀበልም። እኔ ከእንግዲህ ልዋሽላት አልችልም። ከቦርዱ በኋላ ራስህ ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ።

ፈጣሪ ከፊትህ ይቅደም።

ለምንዬ

ሰኔ 4

ለለምንዬ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፣

የነካሽው ይለምልም፣ የያዝሽው ይባረክ፤ ከዚህ በላይ ምርቃት እንደማላውቅ ታውቂያለሽ። ሁሉንም በቅደም ተከተል ልንገርሽ፤ ዘለልክ እንዳትዪኝ።

ቦርዱ ሦስት ሰዎች ናቸው። ሰብሳቢዋ ሸበቶ ሴት ናት። በድርጅቱ በኩል ጠበቃቸውና ጋሪዎቹን የሚቆጣጠረው መሐንዲስ ነበሩ።

«ስትገባ የበሩን መብራት አይተሃል?» አለችኝ ሰብሳቢዋ።

«አንዳንድ ቀን አየሁ እላለሁ፣ አንዳንድ ቀን አላውቅም።»

ጠበቃዬ ዓይኑን ጨፈነ። የእነሱ ጠበቃ ጻፈ።

«የማውቀው ግን አለ» አልኩ። «የመታኝ በጀርባው ነው። ቀዩ መብራት እዚህ ነበር» ብዬ እጄን ፊቴ አጠገብ አደረግኩ።

መሐንዲሱ በትሕትና ነው የመለሰው፤ ክፉ ሰው አይደለም። «ይቅርታ፣ በሩ ክፍት ሆኖ ጋሪ ወደ ኋላ ሊሄድ አይችልም» አለ። ያኔ ጠበቃዬ ወረቀትሽን አወጣ። ስተረጉመው «ምንጊዜም» የምትለው ቃልሽ አስቸግራኝ ነበር፤ በእነሱ ቋንቋ አንዱ ቃል እንደ ዘላለም ይከብዳል፣ ሌላው እንደ አዘቦት ይቀላል። ከባዱን መረጥኩ። ሰብሳቢዋ አንብባ አንብባ «ይህን በወረቀት ከምንከራከር ሄደን ማየት አንችልም?» አለች።

ሄድን። ከአደጋው ወዲህ መጋዘኑን ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ሽታው ያው ነው፤ የካርቶንና የጎማ። እኔ የቆምኩበት ቦታ ላይ ባዶ ካርቶን አስቀመጡ። አሁን የዚያ በር የሜዳ ሠራተኛ አንዲት ልጅ ያላት ሴት ናት፤ ቁልፉን እሷ ተጫነች። ጋሪው ቆመ። አረንጓዴ። በሩ ለቀቀ። ከዚያ ማዶ ሁለተኛውን ጋሪ ላኩት።

መጣ፣ ተፋጠጠ፣ ቆመ። ምንም የለም። መሐንዲሱ ትከሻውን ነቀነቀ። እንደገና ሞከሩ፤ ምንም። ልቤ ያንን የድሮ ነገሩን «ይሆናላ» ማለት ጀመረ። ጠበቃዬ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አደረገና «ቆይ፣ ሁለተኛው የተጫነ መሆን አለበት ይላል እኮ። የላካችሁት ባዶ ነው» አለ።

መደርደሪያ አሸክመው ላኩት።

ለምንዬ፣ ያኛው ጋሪ እስኪደርስ የሚያልፋቸውን መደርደሪያዎች ቆጠርኩ። ደረሰ። ተፋጠጡ። የቆመው ጋሪ ትንሽ አሰበ መሰለ፤ ከዚያ ቀዩ መብራቱ ወደ እኛ እንደዞረ፣ ቀስ ብሎ፣ ያለ ድምፅ፣ ወደ ኋላ መጣ። አረንጓዴው እንደበራ ነው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ካርቶኑን ከመደርደሪያው ብረት ጋር አጣብቆ ጨፈለቀው። ካርቶን ሲጨፈለቅ እንዲህ ይጮሃል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ማቆሚያውን የመታው መሐንዲሱ ራሱ ነው። ሴትዮዋ በሩ ላይ ቆማ አፏን በእጇ ይዛ ነበር፤ በየቀኑ የምትገባው እሷ ናት። መሐንዲሱ ወደ እኔ መጣና «ፕሮግራሙን እኔ አልጻፍኩትም፤ ይሠራል ብዬ የፈረምኩት ግን እኔ ነኝ» አለኝ። የማላውቀው ሰው ይመስል እጁን ጨበጥኩት።

ቦርዱ ጥፋቱ የሠራተኛው ነው ሊባል አይችልም ብሎ ወሰነ። ሕክምናዬ ይቀጥላል፤ ሰው ሠራሽ እግር ይለኩልኛል። በሌሎቹ መጋዘኖቻቸውም ያሉ ሜዳዎች ፕሮግራሙ እስኪስተካከል ሰው እንዳይገባባቸው ታዟል። ጠበቃዬ ሊያቅፈኝ ሲል ክራንቼ ወደቀ፣ ሁለታችንም ልንወድቅ ነበር።

አረንጓዴውን ግን አሁንም አላስታውስም። ይህን ላንቺ ብቻ ነው የምለው። ላስታውሰው እንደማልችል ተቀብያለሁ፤ እንቅልፌ ግን ገና አልተቀበለውም።

ከዚያ ወደ ቤት ተመልሼ ለእትዬ ደወልኩ። ስልኩ ተበላሽቶ አያውቅም፤ ይህንንም ነገርኳት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አወራሁላት፤ ጋሪውን፣ ቦርዱን፣ ያንቺን ክብ፣ ለምን እንደደበቅኩ። ማውራት ከጀመርኩ በኋላ ፍርሃት ይዞኝ ማቆም አቃተኝ። ስጨርስ በዚያ በኩል ድምፅ የለም። የተቋረጠ መስሎኝ «እትዬ?» አልኩ።

«አለሁ» አለች። ከዚያ፣

«ያማል?» አለችኝ።

ይህን ሁሉ ወር ስንት ሰው ስንት ነገር ጠይቆኛል። ቀይ ነው አረንጓዴ፣ ቆመህ ነው አጎንብሰህ፣ ፊቱ ነው ጀርባው። ከሐኪም በቀር ይህቺን የጠየቀኝ አልነበረም። አንቺም ጭምር፤ አትቀየሚኝ፣ አንቺ ሌላ ሥራ ላይ ነበርሽ።

«ያማል እትዬ» አልኳት። «የሚገርመው የቀረው አይደለም የሚያመኝ። የሌለው እግሬ ነው። ጣቶቼ።»

አልገረማትም። እብድ ነህ አላለችም።

«የትኛው ጣትህ?» አለችኝ።

«ትንሿ» አልኳት።

አጎትሽ